የማላይ ቃል በሁለት ምት

(ለቋንቋ ወዳጆች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ማላይ ቋንቋ ሲነሳ አንድ ወሬ ቶሎ ይመጣል። «ቀላል ነው፤ ሰዋስው እንኳ የለውም» ይባላል። ግሡ በጊዜ አይረባም። ተባዕትና አንስታይ የለም። ብዙ ቁጥርም ሁልጊዜ ምልክት አይፈልግም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ሰዋስው የለውም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ማላይ ሕጉን የደበቀው ድምፁ ውስጥ ነው። ጆሮ ሰጥቶ ለሰማው ሰው ይህ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ ውበትም አለው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

ማላይ በማሌዥያ፣ በብሩናይና በሲንጋፖር ይነገራል። በደቡብ ታይላንድም ብዙ ተናጋሪ አለው። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ይህንኑ ቋንቋ «ባሃሳ ኢንዶኔሲያ» ብላ ብሔራዊ ቋንቋዋ አድርጋዋለች።

እስቲ ጥቂት ቃላት ልጥራ። ማታ፣ ዓይን ነው። ባቱ፣ ድንጋይ። ቡላን፣ ጨረቃ። ኢካን፣ ዓሣ። ሩማህ፣ ቤት። ማካን፣ መብላት። ሁሉም ሁለት ሁለት ቀለም፣ ማለትም ሁለት ሁለት የድምፅ ምት፣ ናቸው፤ ማ-ታ፣ ባ-ቱ፣ ቡ-ላን። እኔ መርጬ ያመጣኋቸው እንዳይመስላችሁ። ነባሮቹ የማላይ ሥረ ቃላት በአብዛኛው እንደዚህ ናቸው። ቀለሙም ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ተነባቢ፣ አንድ አናባቢ፣ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ አንድ ተነባቢ። በአንድ ቀለም ውስጥ ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ አይገባም።

እኛ ቃል የምንሠራው በተነባቢ ነው። ስ፣ ብ፣ ር ይዘን ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እንላለን። አናባቢው ይለዋወጣል፣ ሦስቱ ተነባቢዎች ይቆያሉ። ማላይ እንዲህ አያደርግም። ማካን ከነአናባቢው ማካን ነው፤ ውስጡ አይነካም። የሚጨመረው በአብዛኛው ከፊትና ከኋላ ነው።

ይህ ልማድ ከማላይ ይሰፋል። ማላይ የአውስትሮኔዥያ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ ከፓስፊክ ደሴቶች ተነስቶ እስከ እኛው አህጉር ደጃፍ፣ እስከ ማዳጋስካር ይደርሳል። ማላዮች ባቱ ያሉትን ድንጋይ ማላጋሲዎች ቫቱ ይሉታል። ቡላን ቩላና ሆኗል። ማታ ማሱ ሆኗል። መሐሉ ላይ ሰፊ ውቅያኖስ አለ፤ ቃላቱ ግን እስካሁን ይተዋወቃሉ።

አሁን ወደ ድምፆቹ። የማላይ አናባቢዎች ስድስት ናቸው፤ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ እና ኧ። የእኛ ሳድስ የላቸውም። ኧ ያልኩት የግዕዙ ድምፅ ነው፤ ለ፣ መ፣ ሰ ስንል የምናሰማው ዓይነት። እነሱ «ፐፐት» ይሉታል። ይህን ድምፅ ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ከተነባቢዎቹ ለእኛ የሚያስቸግር አንድ ብቻ ነው። «አንገት» ስንል ከ«ገ» በፊት በአፍንጫችን የምናሰማው ድምፅ አለ። በአማርኛ ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ ግ ወይም ክ ይከተለዋል። በማላይ ግን ራሱን የቻለ ተነባቢ ነው። አማርኛ ፊደል የለውም፣ የብሌን ቋንቋ ጽሕፈት ግን አለው፤ ጘ ይባላል። ከብሌኖች ልዋሰውና እጅ ታጛን ነው፣ መሰላል ደግሞ ታጝጋ ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ግ የለም፣ ሁለተኛው ውስጥ አለ። ታጛንን «ታንጋን» ያለ ሰው ወዲያው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል።

የቃል መጨረሻም መደመጥ አለበት። ሰዳፕ ማለት የሚጣፍጥ ነው። በመጨረሻው ፕ ላይ ከንፈር ይዘጋል፤ ከዚያ አይፈነዳም፣ እዚያው ዝም ይላል። አናክ፣ ልጅ ማለት ነው። ክ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነገር ግን ጉሮሮ ላይ ቁርጥ ይላል እንጂ ክ አይሰማም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ሁለት ምት የለመደ ቋንቋ ከውጭ ቃል ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ማላይ ደግሞ ያልተዋሰው የለም። ከሳንስክሪት፣ ከዓረብኛ፣ ከፖርቱጋልኛ፣ ከደች፣ ከእንግሊዝኛ ወስዷል። የወሰደውን ሁሉ ግን በራሱ ምት አስተካክሏል።

ባለ ሦስት ቀለም ቃል ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሳንስክሪት ናጋራ ያለውን ማላይ ነጋራ አለው፤ አገር ማለት ነው። ካፓላ ከፓላ ሆነ፤ ራስ ማለት ነው። ፖርቱጋሎች የማላዮቹን ወደብ ማላካን የያዙት በ1511 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በ1541 የእነሱው ወታደሮች ምጽዋ ወርደዋል፤ የዘመኑ ሰዎች ናቸው። ማላካ ላይ የጫማቸውን ስም ሳፓቱን ትተው ሄዱ፤ ማላዩ ሰፓቱ አለው። ባንዴይራ በንዴራ ሆነ፤ እኛ ከጣሊያኑ ወስደን ባንዲራ ያልነው ነው። ቅቤያቸው ማንቴይጋ መንቴጋ ሆነ። ዓረብኛው ሰላማ ደግሞ ሰላማት ሆኖ ገባ፤ ዛሬ ብዙው የማላይ ሰላምታ በእሱ ይጀምራል።

በየቃሉ የተደረገው ተመሳሳይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለሞች ሙሉ ድምፃቸውን ይይዛሉ። ከእነሱ በፊት ያለው ይደክምና ኧ ይሆናል። ሁለቱ ምቶች እንዳይነኩ የፊተኛው ይከፍላል ማለት ነው። ማንም ተቀምጦ አልደነገገውም። የአፍ ልማድ ነው፤ ከየትም አገር የመጣ ቃል በዚሁ ያልፋል።

ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣስ? እዚህ ላይ ዓረብኛው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ብዙዎቹ ቃላት እኛም ዘንድ ስላሉ። «አቅሉን ሳተ» ስንል አቅል የምንለው በማላይ አካል ነው። ሰብር ሳባር ሆኗል። ሑክም ሁኩም፣ ዑምር ኡሙር፣ ፊክር ፊኪር ሆነዋል። የሶላት ሰዓቶቹን ስሙ፤ ሱብሕ ሱቡህ፣ ዐስር አሳር ተብለዋል። በተነባቢዎቹ መሐል አናባቢ ገብቷል፤ የገባውም ዝም ብሎ አልገባም። ከፊቱ ያለውን አናባቢ ይቀዳል። ኡ ካለ ኡ፣ ኢ ካለ ኢ፣ አ ካለ አ። እኔ ይህን ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል። ተናጋሪው ሳያስበው፣ አንድም ሳይስት ሠርቶታል።

ሌሎቹ ደግሞ መጨረሻቸው ላይ ኡ ጨምረዋል። ወቅት ዋክቱ ነው፤ እነሱም ጊዜ ለማለት ይጠቀሙበታል። ነፍስ ናፍሱ ነው። ዕለተ ሰንበት ቅዳሜ ሳብቱ ነው። ያው ሁለት ምት፤ ዋክ-ቱ፣ ናፍ-ሱ፣ ሳብ-ቱ።

አንድ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። ሙስሊም ወገኖቻችን «ፈርድ» የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ግዴታ የሆነ አምልኮ ነው። ማላይ ይህን ቃል በሁለት መልክ ይዞታል። ለሃይማኖቱ ፋርዱ ይላል። ለዕለት ተዕለት «ያስፈልጋል» ደግሞ ፐርሉ ይላል። የፐርሉን መንገድ ተከተሉ። ነባሩ ማላይ ፍ ስላልነበረው ፕ ሆነ። የዓረብኛው ከባድ ድ ወደ ል ሄደ። መጨረሻው ላይ ኡ ተጨመረ። የፊተኛው አ ደክሞ ኧ ሆነ። ማንም የውጭ ቃል መሆኑን አይጠረጥርም። ፋርዱ ግን የመስጊድ ትምህርት እየጠበቀው ከመነሻው ሳይርቅ ቀረ።

ሌላ ቃል ደግሞ ምንም ለውጥ ሳያስፈልገው ገባ። በማላይ አገር በመስጊድ አዛን የሚያወጣው ሰው ቢላል ይባላል። ስሙ የመጣው ከነቢዩ ሙሐመድ አዛን አድራጊ ከቢላል አል-ሐበሺ ነው። ቢ-ላል፤ ለማላይ ጆሮ የተሰፋ ይመስላል። የሐበሻ ልጅ መጠሪያ በማላይ መንደር ሁሉ የሥራ ስም ሆኖ ሲጠራ መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እንግሊዝኛውን በፍጥነት ልለፈው። ክላስ ከላስ፣ ክለብ ከላብ፣ ፊልም ፊለም ተባለ። እኛ ስፖርትን «እስፖርት» ስንል ከፊት እ እንደምናስቀምጠው እነሱ መሐል ኧ ያስገባሉ። መጨረሻ ላይ የተደራረበውን ደግሞ ይጥሉታል፤ ፖስት ፖስ፣ ሊፍት ሊፍ ሆኗል። አዲሶቹ ቃላት ግን፣ ስክሪንና ክሊኒክን የመሳሰሉት፣ እንደመጡ እየገቡ ነው። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማረ አፍ አሁን ሊላቸው ይችላል።

ወደ ቅጥያው ልሂድ። ማላይ ሰዋስው የለውም የሚል ሰው ካጋጠመኝ የማሳየው ይህን ነው።

ተሻጋሪ ግሥ ላይ ከፊት መ ይመጣል፣ ከኋላው የአፍንጫ ድምፅ ያስከትላል። የትኛው የአፍንጫ ድምፅ እንደሚሆን የሚወስነው ቃሉ የሚጀምርበት ተነባቢ ነው። ባቻ ማንበብ ነው። ብ በከንፈር ስለሚባል በከንፈር የሚባለው ም ይመጣል፤ መምባቻ። ደጛር መስማት ነው። ድ በጥርስ ስለሚባል ን ይመጣል፤ መንደጛር። ጋሊ መቆፈር ነው። ግ ወደ ጉሮሮ ገባ ብሎ ስለሚባል ጝ ይመጣል፤ መጝጋሊ። እስካሁን ጎረቤት ጎረቤቱን መሰለ፤ በብዙ ቋንቋ ያለ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው የማላይ የራሱ ጣዕም። ቃሉ በኢነዛሪ ድምፅ፣ ማለትም በፕ፣ በት፣ በክ ወይም በስ ከጀመረ ያ ድምፅ ራሱ ይጠፋል። የአፍንጫው ድምፅ ቦታውን ይይዛል። ፑኩል፣ መምታት፤ መሙኩል ይሆናል። ቱሊስ፣ መጻፍ፤ መኑሊስ። ኪሪም፣ መላክ፤ መጚሪም። ሳፑ፣ መጥረግ፤ መኛፑ። ፕ ጠፋ፣ የከንፈሩ ም ቀረ። ት ጠፋ፣ የጥርሱ ን ቀረ። የጠፋው ድምፅ አድራሻውን ትቶ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ማላይ የሚማር ሰው መዝገበ ቃላት ውስጥ መኑሊስን በ«መ» ወይም በ«ን» ሥር ቢፈልግ አያገኘውም። ት ውስጥ ነው ያለው። ድምፁን የተረዳ ያገኘዋል፣ ያልተረዳ ሲገልጥ ይውላል።

አድራጊውን ስንሰይምም እንደዚያው ነው፤ መ በፐ ይተካል። ቱሊስ ፐኑሊስ ሲሆን ጸሐፊ ነው። ሳፑ ፐኛፑ ሲሆን መጥረጊያ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችንን አስቡ። ከፈተ ያለውን ከፋች፣ ለመነ ያለውን ለማኝ፣ ወሰደ ያለውን ወሳጅ፣ ደረሰ ያለውን ደራሽ እንላለን። እኛም እንዲህ ባሉ ቃላት አድራጊውን ስንሰይም አንድ ተነባቢ እንለውጣለን። የእኛ ለውጥ ቃሉ ጫፍ ላይ ነው፣ የእነሱ መነሻው ላይ። ልጆቻችን ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ የማላይ ልጆችም እንዲሁ።

አንድ ምት ብቻ ያለው ቃል ሲመጣስ? ቻት ቀለም መቀባት ነው። እዚህ መንቻት አይባልም። መጘቻት ይባላል። ጘ የገባችው ቻት ብቻውን እንዳይቆም ነው፤ ጘ-ቻት ሲሆን ሁለት ምት ይሞላል። የሁለት ምት ልማድ እዚህ ፊት ለፊት ወጥቶ ይታያል።

ቃሉ እንግዳ ከሆነ ግን ተናጋሪው ሊያመነታ ይችላል። ተፍሲርን፣ ማለትም ትርጓሜን፣ ወስደው ማሌዥያዎች መንታፍሲርካን ሲሉ ት ይጠብቃሉ። ኢንዶኔዥያዎች መናፍሲርካን ብለው ይጥሉታል። አንዱ ቃሉን ገና እንደ እንግዳ ያያል፣ ሌላው ቤተኛ አድርጎታል። አንዳንዴም ሁለቱም መልክ በአንድ አገር ይኖራል፤ መጛጂ ቁርኣን መቅራት ነው፣ መጝካጂ ደግሞ ጥናት ማጥናት።

ይህ ሕግ ስንት ዘመኑ ነው? በ1920 ሱማትራ ውስጥ ፓለምባጝ አጠገብ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኘ። የከዱካን ቡኪት ድንጋይ ይባላል። የተቀረጸው በ682 ነው፤ ከደቡብ ሕንድ በመጣ ፊደል። ጨረቃን ወይም ወርን ቩላን ይለዋል። በመርከብ ስለሄደ መሪ ሲተርክ ማጛላፕ የሚል ቃል አለበት፤ አላፕ መውሰድ ነው። ወታደር አስከትሎ መሄዱን ደግሞ ማማዋ ይላል፤ የዛሬው መምባዋ ነው። ቅጥያው በዚያ ዘመን ማ ነበር። ዛሬ መ ነው። የፊተኛው ቀለም ይደክማል ያልኩትን አስታውሱ። ነጋራንና ሰፓቱን ያደከመው ኃይል የራሱን የቋንቋውን ቅጥያም አልማረም።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። ማላዮች በኋላ ዘመን በዓረብኛ ፊደል ጻፉ፤ ጃዊ ይሉታል። ዓረብኛ ለሌሉት ድምፆች፣ ለፕ፣ ለች፣ ለኝና ለጘ፣ ነጥብ እየጨመሩ አዲስ ፊደል ሠሩ። ዛሬ የሚበዛው ላቲን ነው። ኦገስት 16 ቀን 1972 ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ አጻጻፋቸውን አንድ አደረጉ። መልካም ሥራ ነበር። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ቀደም ሲል በማሌዥያ ኧ ምልክት ነበራት። በአዲሱ አጻጻፍ ምልክቷ ተነሳችና ኤ እና ኧ በአንድ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ስለዚህ ሴፓክ፣ በእግር መምታት፣ እና ሰፓክ፣ በጥፊ መምታት፣ ሲጻፉ አንድ ናቸው። ፐራጝ ጦርነት ነው፣ ፔራጝ ቡናማ ቀለም ነው። እነሱም ሲጻፉ አንድ ናቸው። አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ይለያል፤ ከውጭ የመጣው ተማሪ ግን ይሰቃያል።

ይህን ስናገር ከተሰብሳቢው አንዲት እህት «ታዲያ በእኛ ፊደል ቢጻፍ አይሻልም ነበር?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጉዳይ አዎ። ሰ እና ሴ በእኛ ዘንድ በግልጽ ይለያያሉ፤ ዛሬ የማላይ ቃላቱን በፊደላችን ስጽፍ ያልከበደኝም ለዚህ ነው። ግን እኛም ዕዳ አለብን። ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «እስካሁን» አይታወቅም። መጥበቅና መላላትን አንጽፍም። ማላይ ደግሞ መጥበቅ የሚያስፈልግበት አንድ አካባቢ አለው።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ድግመትን ላንሳ። ማላይ ብዛትን ሲፈልግ ቃሉን ይደግመዋል፤ ቡኩ መጽሐፍ፣ ቡኩ-ቡኩ መጻሕፍት። አማርኛም ትልቅን ትልልቅ፣ አጭርን አጫጭር ይላል፤ ስለዚህ እንግዳ አይሆንብንም። አንዳንዱ ሲደገም አንድ ድምፅ ይቀየራል። ሳዩር አትክልት ነው፣ ሳዩር-ማዩር አትክልት በየዓይነቱ። ጉኑጝ ተራራ ነው፣ ጉኑጝ-ጋናጝ ተራራ በተራራ። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ያምራል።

ድግመቱ ያጥራልም። ላኪ-ላኪ ወንድ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ለላኪ ይባላል። የፊተኛው ላኪ ተሸርሽሮ ለ ብቻ ቀረ፤ አናባቢውም ኧ ሆነ። በዚሁ መንገድ አዲስ ቃል ይወለዳል። ቲኩስ አይጥ ነው። የኮምፒውተር ማውዝ ማሌዥያ ውስጥ ተቲኩስ ይባላል።

አሁን ወደዚያ አካባቢ። ከላንታን በማላይ ልሳነ ምድር በሰሜን ምሥራቅ ያለ የማሌዥያ ግዛት ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ የታይላንዱ ፓታኒ አለ። የእነዚህ ሰዎች ንግግር ለዋና ከተማው ሰው እንኳ ይከብዳል። የቃል መጨረሻ ላይ ያለ አ ብቻ ብትወስዱ ልዩነቱ ይታያል። «ምን» የሚለውን ኢንዶኔዥያ አፓ፣ ኩዋላ ሉምፑር አፐ፣ ከላንታን አፖ ይለዋል። ማሌዥያ በ1988 ሁሉም እንደተጻፈው «አፓ» እንዲል በትምህርት ቤትና በዜና ሞክራ ነበር። በ2000 ተወችው። ከሕፃንነት የተለመደ አናባቢ በመመሪያ አይቀየርም፤ መተዋቸው ትክክል ይመስለኛል።

የከላንታንና የፓታኒ ሰዎች ለላኪ ላይ ያየነውን ማጠር እስከ መጨረሻው ወስደውታል። ሸረሪት በመደበኛው ማላይ ላባህ-ላባህ ነው። እነሱ ዘንድ የፊተኛው ላባህ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ የቀረው የ«ላ» መጥበቅ ብቻ ነው። ላቦ ላልቶ ሲነገር ትርፍ ነው። ላቦ መጀመሪያው ጠብቆ ሲነገር ሸረሪት ነው። ጃሌ ላልቶ መንገድ፣ ጠብቆ መራመድ። ቡሌ ላልቶ ጨረቃ፣ ጠብቆ ብዙ ወራት። አንድ ሙሉ ቃል፣ ወይም አንድ ሙሉ ቅጥያ፣ በአንድ ተነባቢ መጥበቅ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

አማርኛ ተናጋሪ መጥበቅን ከእናቱ ጡት ጋር ያውቀዋል፤ ነገር ግን መሐል ወይም መጨረሻ ላይ እንጂ ቃል በጥብቅ ድምፅ አይጀምርልንም። እንግዲህ ለመሞከር ያህል «ብቡሌ» ለማለት ከንፈራችሁን ግጠሙ፤ ከመክፈታችሁ በፊት አንዲት ቅጽበት ያዙት፤ ከዚያ ልቀቁ። ቶሎ ከለቀቃችሁት ጨረቃ ብላችኋል።